የጭልፋ ድምፅ

ሃርለም፤ የመጨረሻው የጦርነት ክረምት

የትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም፤ የመዝለያው ገመድ ተጠቅልሎ
ከጣሪያው ተሰቅሎ፣
ከሥሩ ሦስት በርሜል፣ ከበርሜሉ ሥር እሳት፣ ከእሳቱ ዳር እኛ፤
አራት ሴቶች ነበርን፣ ደሞዝ የሌለን ሠራተኛ።

ወይዘሮ ኮስተር ጠዋት በጨለማ
ጭልፋ አስጨበጠችኝ፣ በግማሽ ሻማ፦
«ልኩ ግማሽ ሊትር፤ አታትርፊ፣ አታጉድዪ፤
በጨለፍሽ ቁጥር ከሥር አማስዪ፣
ወፍራሙ ይዘቅጣልና። ፊት አትዪ፣
ሰሃን ብቻ እዪ።»

ሾርባ እንበለው። እንደ ሽንኩርት የተላጠ የቱሊፕ አበባ ራስ፣
ልቡ ተፈልቅቆ የወጣ፣ እንዳይመርዝ፣ እንዳያስመልስ፤
ለከብት የሚጣል ቀይ ሥር፣ ጥቂት የድንች ልጣጭ፤
ከላይ ውኃ፣ ከታች ዝቃጭ።
ያን ዝቃጭ ነበር ከተማው ሁሉ የሚመኘው።

ሰልፉ ከቦዩ ድልድይ ይጀምራል።
ጎማው የወለቀ ብስክሌት በቸርኬው ያንኳኳል፤
በሕፃን ጋሪ ውስጥ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ድስት ተኝቷል፤
የእንጨት ጫማ ድምፅ ከሳምንት ሳምንት ይቀንሳል፣
ጫማውም ምድጃ ገብቷል።

ሜኔር ዛንድስትራ ሁልጊዜ ከሰልፉ መሃል ነው የሚቆመው፤
ፒያኖ ቃኝ ነው። ነበር። ማን ፒያኖ አለው?
ሁሉም ፈልጦ አነደደው፤
ሽቦውን ግን እሱ ከየቤቱ ለቃቅሞ ወሰደው።
ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። አንገቱን ዘመም አድርጎ ያዳምጣል፤
ጭልፋዬ ወለሉን ሲነካ፣ «ታች ደረሰ፣ ድምፁ ወፈረ» ይለኛል፤
ወፍራም ድምፅ፣ ወፍራም ሾርባ። እንዲህ ይቀልዳል፤
ቀልዱ ነበር የቀረው፣ ሥጋው አልቋል።

አንድ ማክሰኞ፣ በረዶው ቦዩን እንደ ቆርቆሮ ሸፍኖ፣
የእህቴ ልጅ ቴይስ መጣ፣ እግሩ እንደ ጭራሮ ቀጥኖ፤
ስድስት ዓመቱ ነው። አላለቀሰም። ሰሃኑን ዘረጋልኝ።
ፊቱን አየሁ። አትዪ የተባልኩትን ፊት።
እጄ ሳያማክረኝ ወረደ፣ ክንዴ እስኪርስ፣ እስከ መሠረት፤
አንድ ጭልፋ፣ ሁለት፣ ደግሞ ሦስት።
አላማሰልኩም። ጠረግሁት።

ቀጥሎ አንዲት እናት፣ ቀጥሎ ሁለት ወንድማማች፣
ቀጥሎ እሱ፤ ጣሳው እንደ ወትሮው በሁለት እጆቹ።
ጭልፋዬ ላይ ላዩን ቀዳ፤ የበርሜሉን ጎን ብቻ ነካ፤
ቀጭን ድምፅ። እኔም እሰማ ኖሯል ለካ።

ምንም አላለም፤ ቀልድም፣ ወቀሳም።
ቆቡን ነካ፣ ጣሳውን ከደነ፣ ሄደ፤ አልቸኮለም።
«ሆድ ይፍጀው» ይባላል። ባዶ ሆድ ምኑን ይፈጃል?
ቃሉ ሳይፈጭ እንዳለ ይቀመጣል።

ረቡዕ አልመጣም። ሐሙስ አልመጣም።
ዓርብ ዋልበርግን ላክኋት፤ በሩን የከፈተ የለም።
አልጋው ሥር ሽቦዎቹ ተገኙ፣ ከወፍራም እስከ ቀጭን ተለይተው፣
በያንዳንዱ ጥቅል ላይ የድምፁን ስም ጽፎ አስሮ አስቀምጧቸው።

ወይዘሮ ኮስተር፣ «ሳንባው ነው፤ ከገና ጀምሮ ያስለው ነበር፤
አንድ ጭልፋ ሰው አይገድልም» አለች። እውነት ይሆናል፤ ምን ይነገር።
አንድ ጭልፋ ሰው አያድንም ግን ብላን አታውቅም፤
እንዲያ ብታምን ኖሮ ማናችንም ሳይነጋ አንነሣም።

ቴይስ ዳነ። ሮተርዳም ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል፣ ቦርጭ አውጥቷል፤
እሑድ ይመጣል፣ «አክስቴ፣ ሾርባሽ ማንኪያ ያቆማል» ይለኛል።
ምን ልበለው? ማንን አስነሥቼ አስቀመጥኩህ ልበለው?
ደግሞ ቢመጣ፣ እግሩ እንደዚያ ቀጥኖ፣ ደግሜ አደርገው ነበር፤
ይኼን ነው ለቄስ እንኳ የማልናገረው።

ሲጨርስ፣ የሰሃኑን ወለል በማንኪያ ይፍቃል፤
ተነሥቼ ወደ ጓዳ እሄዳለሁ። ቧንቧውን እከፍታለሁ፣
በኃይል።