የጆንያው ነገር

በእኛ ቤት ስሟ «ሻሼ» ነው፤ ሚስቴ ናት ያወጣች፣
ግንባሯ ላይ ነጭ ሻሽ ጠምጥማ ስለመጣች።
ክረምት ነበር ያኔ፤ ጉም ጦሳን ውጦ ጨርሶ
ወደ ሰፈራችን ቁልቁል ፈሶ፣
ቆርቆሮው ሲንቋቋ፣ ከበር ስር ሾልካ
ገባች እንደ እንግዳ፣ አንድ ዕቃ ሳትነካ።
ሉባባ «ቢስሚላህ» ብላ ወተት ሰጠቻት፤
እኔ ግን ያን ዕለት ጠመድኳት።

ሹፌር ነኝ በሙያዬ፤ ሃያ ሁለት ዓመት
አይሱዙ ነድቻለሁ፤ ልማዴ ነው ስሌት።
ሐረጎን ስወርድ ጥምዝ እቆጥራለሁ፣
ቤቴ ስገባ ደግሞ ጉድለት እቆጥራለሁ፦
አንድ ሰሞን ቋንጣ፣ አንድ ሰሞን ጫጩት፣
ኋላም ለዒድ ያልነው የፍየል ጉበት።
«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይላሉ፤ ውሸት ነው በሞቴ፤
ይቺ መች መንኩሳ! ከነአመሏ ሰተት ብላ ገባች ቤቴ።

ሉባባ ትስቃለች። «እሷ የቀመሰችው ነጃሳ አይሆንም» ብላ
በተረፈው ውሃ ውዱዕ ታደርጋለች፣ እጅጌ ጠቅልላ።

ሐሙስ ሌሊት ነበር፤ ቤቱ ሁሉ ተኝቶ፣
ጆንያ አነሣሁ፣ ልቤ አመንትቶ።
አልጮኸችም ደግሞ። እንደ ሕፃን ገባች፤
ከጆንያው ግርጌ ጥቅልል ብላ ተኛች።
ኮምቦልቻ፣ እህል ተራ፣ ከመጋዘኑ በር
ስፈታው ጆንያውን፣ ገና አልነጋም ነበር።
አየችኝ። አልሮጠች። ጆሮዋን ዘንበል አርጋ
ቁጭ አለች። «በቃ፣» አልኩ፣ «ሂሳቡ ተዘጋ።»

በሦስተኛው ቀን ከአጥሩ ማዶ
እትዬ አትጠገብ መጡ፣ ፊታቸው ነዶ፦
«ብርቄን አይታችኋል?»
«የቷን ብርቄ?»
«ድመቴን! ግራጫዋን፣ ግንባሯ ላይ ነጭ...»
ሉባባ አፏን በእጇ ያዘች።

ለካስ የኖረችው በሁለት ስም፣ በሁለት ቤት፤
በሁዳዴ ከእኛ ዘንድ፣ ለሥጋ፣ ለወተት፤
በረመዳን ቀኑን እሳቸው ጋ ውላ
መግሪብ ሲል ከች ትላለች፣ ርቧት የዋለች መስላ።
ሰርግና ለቅሶ ሳይለየን፣ ቢላዋ ለለየን ለእኛ፣
ድስት ለየብቻ ጥደን ለምንተኛ፣
እሷ አንድም ቀን ሥጋውን ማን እንደባረከው
ጠይቃ አታውቅም። ትበላለች፤ አፏን ትጠርጋለች። ያው ነው።

«ስትተኛ ዳዊት ትደግማለች» አሉ እትዬ አትጠገብ በእንባ፤
«የለም፣ ዚክር ነው እንጂ!» አለች ሉባባ።
ተከራከሩ፤ ሳቁ፤ መልሰው አለቀሱ፤
ልጆቹም «ሻሼ! ብርቄ!» እያሉ ሆጤ ሜዳ ደርሰው ባዶ እጅ ተመለሱ።

እኔም ባትሪ ይዤ ፈለግሁ፤ ምን ላድርግ!
የሌለችበትን ጉድባ ሁሉ ስበረብር፣ ስጠርግ።
ሁለቴ ኮምቦልቻ ወርጄ ከመጋዘኑ በር ቆምኩኝ፤
«ሻሼ» ብዬ ጠራሁ። ዝም።
ቀጥዬ፣ ሰው እንዳይሰማኝ፣ «ብርቄ» አልኩኝ።

በዘጠነኛው ቀን፣ የሱብሂ አዛን ሲወጣ፣
አንድ ነገር ከበር ስር ሾልኮ መጣ።
አጥንቷ ይቆጠራል፤ መዳፏ ተልጧል፤
ነጩ ሻሽ በጭቃ ግራጫ መስሏል።
ያን ሁሉ ዳገት! ያን ሁሉ ጅብ! ያን ሁሉ መኪና!
እኔ በመስተዋት፣ በብርሃን፣ ስቆጥር ጥምዙን፣
እሷ በጆንያ ጨለማ፣ በጎድን አጥንቷ፣
ትቆጥር ኖሯል እኩል እኩሉን።

ከዚህ ቤት ወተት፣ ከዚያ ቤት የሐይቅ ዓሣ ቀረበላት።
«ማን ይሆን የወሰዳት?» አለች ሉባባ፤ «አላህ ይፍረድበት!»
እትዬ አትጠገብም «እመብርሃን ታሳየው!» አሉበት።
«አሜን» አልኩ። ለሁለቱም። ሌላ ምን ልበልበት?

ጆንያውን አልጣልኩትም፤ ከጥግ ተነጥፏል፤
ካልጋው ሁሉ መርጣ እሱ ላይ ትተኛለች።
ማታ መብራት ሲጠፋ አንድ ዓይኗን ትገልጣለች፣
ታየኛለች፣
ቀስ ብላ ትከድናለች።
ከዚያ ያ ድምፅ ይነሣል።
ዳዊት ይሁን ዚክር እኔ እንጃ።
ለኔ ጆሮ ግን ሞተር ነው፤
በሁለተኛ ማርሽ፣ ጭነት ይዞ፣
ሐረጎን ሽቅብ የሚወጣ።