መለኪያ

ከሱፍ መጋዘኑ ጓሮ፣ ቆርቆሮ በለበሰው ቤት፣
አንድ ጆንያ ተሰቅሎ ነበር፣ አሸዋና የፋብሪካ ብጣሽ የሞላንበት።
ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ነው፤ ጠዋት ሲተነፍሱ
ከአፍ የሚወጣው እንፋሎት ይቀድማል፣ ሰዎቹ ኋላ ነው የሚደርሱ።

አሰልጣኛችን ጋሽ ይፍሩ፣ ጡረታ የወጣ ፈታይ፣
"ቡጢ ቁጥር አለው" አለ፣ "ቁጥሩ ግን በዓይን አይታይ።"
ማንያህልሃል ስሙን አምኖ "ማን ያህለኛል?" ይላል፤
ታናሼ ወሰንየለህ ይስቃል፤ ጆንያውን ከኋላ ይይዛል።
እኔ ግን መለካት አማረኝ። ሰው ቁመቱን ያውቃል፣
ኪሎውንም ጤና ጣቢያ ሄዶ ያያል፤
የእጁን ልክ ማን ነግሮት?

መጀመሪያ በጠመኔ ነበር፤ ወለሉን በስንዝር ከፍለን፣
ጆንያው ተወዛውዞ የደረሰበትን እያየን፣ እያሰመርን።
ማንያህልሃል አምስት ስንዝር፣ እኔ አራት ከሁለት ጣት።
ጋሽ ይፍሩ ራሱን ነቀነቀ፤ "ይሄ መግፋት ነው እንጂ አይደለም መምታት።
በሬም ይገፋል።"

ቀጥሎ የእህል ሚዛን መጣ፣ ከወይዘሮ ብርነሽ ወፍጮ ቤት፣
ፊቱ ክብ የሆነው፣ መስታወቱ የተሰነጠቀበት።
ግድግዳ አስደግፈን ብንመታው መርፌው በረረ፤
ዓይን ሳይደርስበት ተመልሶ ዜሮ ላይ አደረ።
መስታወቱን አውልቀን፣ ጥላሸት ቀብተን ደገምን፣
መርፌው በጥቀርሻው ላይ የጻፈውን አነበብን።
የእኔ ሰማንያ ሁለት አለ። ወይዘሮ ብርነሽ ሳቀች፤
"ለገብሱም በኩንታል አምስት ኪሎ ይዋሻል" አለች።

በመጨረሻ ጭቃ አቦካን፣ ጭድ የሌለው፣ የሸክላ አፈር።
"ጭቃ አይዋሽም" አለ ጋሽ ይፍሩ፣ እጁ እስከ ክርኑ ተነክሮ ነበር።
ለእያንዳንዱ አንድ ቡጢ፤ ከዚያ ጉድጓዱ በውኃ ይሞላል፤
መስፈሪያው የአረቄ መለኪያ፣ ሥራውን በስሙ ይናገራል።
ማንያህልሃል ሦስት መለኪያ። እኔ ሦስት ተኩል። አሸነፍኩ።
በዚያው መለኪያ ማታ ድሉን ጠጣነው፤
ውኃውን ጭቃው ውስጥ ትተን፤ የአረቄውን ግን አልቆጠርነው።

ረስቼው፤ ወሰንየለህ ሚዛን አያስፈልገው፤
ከጆንያው ኋላ ሆኖ በትከሻው ነው የሚያውቀው።
"ዛሬ ቀለልክ" ይለኛል። "ዛሬ ሰው አስቀይሞሃል።"
እናታችንን የቀበርን ሳምንት፣ "እጅህ ቤት ቀርቷል።"

ከአረቄ ቤቱ ስንወጣ የፈረሷን ነገር አነሣ፤
ሳልነግረው የሸጥኳትን። ድምፁ እንደ ልጅነቱ ሳሳ።
"ከእናታችን የቀረች ናት" አለኝ፣ "ልትጠይቀኝ ይገባ ነበር።"
ያን ጊዜ ጆንያ የለም። ጓንት የለም። ጠመኔ፣ መስመር…
እጄ ሄደ።

ምን ያህል እንደመታሁት፣ መርፌ የለ፣ ጥላሸት የለ።
ወደቀ። ተነሣ። ጉንጩን ዳሰሰ። "ሰማንያ ሁለት" አለ።

ሌሊቱን ውርጭ ወረደ። ጎህ ሲቀድ ጓሮ ባገኘው፣
ጭቃው ላይ ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ይፈነቅላል፤ ውኃው በረዶ ሆኖ ነው።
የእኔ ቡጢ ነበር፤ የአራት ጣት አንጓ፣ አውራ ጣቱም ሳይቀር፣
ሦስት ተኩል መለኪያ፣ መስታወት የመሰለ፣ ከዳሩ ጭቃ በቀር።
አንሥቶ ያበጠ ጉንጩ ላይ ለጠፈው።

ቁጭ ብዬ አየሁት፤ በክርኑ ውኃው ሲወርድ፣
እጄ በእጁ ውስጥ እየሳሳ፣ እየጠበበ ሲሄድ።
መጀመሪያ አንጓዎቹ ጠፉ።
"ይከብዳል?" አልኩት፤ የምለው አጥቼ ነው።
"ቆይ" አለኝ፣ "ገና አላለቀም።"

ሚዛኑን በሳምንቱ መለስኩ፤ ጥላሸቱን ሳልጠርግ ኖሮ፣
ወይዘሮ ብርነሽ በበሯ ሳልፍ ትጣራለች እስከ ዘንድሮ፤
"ሰማንያ ሁለት! ደህና አደርክ?"

ደህና።
ወሰንየለህ ቆሎ ሲቆረጥም በግራ በኩል ነው።