ካቻቢቴ

ጉሙ ከጣርማበር ሲወርድ በማለዳ፣
ደብረ ሲና መውጫ፣ ከጋራዡ ጓዳ፣
ጋሽ ወንድይራድ ቁጭ ብሎ አሮጌ ጎማ ላይ፣
ዓይኑን ጨፍኖ ነው መኪና የሚያይ።

"ይሄ ኤንትሬ ነው፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤
ያ ደግሞ ላንድሮቨር፣ አንድ ካንዴላ አኩርፏል።"

የቆመ እንደሆነ ኮፋኖው ተከፍቶ፣
ካቻቢቴ ያወጣል ከኪሱ ጎትቶ፤
እጀታው ከጆሮው፣ ጫፉ ከቴስታታ፣
ያዳምጣል ቆሞ የሞተር ስሞታ።
ያን ጊዜ ረዳቶች ጭራሽ አንተነፍስም፤
ያስነጠሰ ልጅ ምሳውን አይቀምስም።

እሱ ልጅ ሳለማ፣ በትሬንታ ኳትሮ ዘመን፣
ዳገቱ ነበረ የሹፌር ሚዛን።
ረዳት በእግሩ ነው፣ ታኮ ተሸክሞ፣
መኪና ባቃሰተ ቁጥር ጎማ ሥር አጋድሞ።
አጥናፍሰገድ የሚሉት የአሰብ መንገድ ሹፌር
ጣርማበርን ሲወጣ ውኃ ሳያፈላ፣
በሩ ላይ በሚስማር አንድ ጭረት ይጭር ነበር።
ጌጥ ማለት ይኼ ነው። ቀለም የለም ሌላ።
ሲሞት አርባ አንድ ሞልቶ፣ ልጆቹ በሩን ነቅለው
ወሰዱት፤ እስከ ዛሬ የዶሮ ቤት መዝጊያ ነው።

እኔ ስቀጠር ግን ቤንዚን በኩፖን ነው፤
ዕቃ ከየት ይምጣ? የቆመው ብዙ ነው።
የቀበሌው ላዳ ፖምፓዋ ቢያፈስ ጊዜ፣
ጋሼ ጥቂት ቆየ አንገቱን ደፍቶ በትካዜ፤
ከመፈክር ካርቶን ጓርኒሲዮን ቀዶ፣
"ይቅደም" የሚለውን ከብሎኑ አዛምዶ፣
አሰረው። ያቺ ላዳ በአርማንያ ጥምዝ
ቀደመች ኡራሉን፣ ወታደር የሚያጓጉዝ።
ሳቃችንን ዋጥነው፤
ያኔ ሳቅም በኩፖን ነው።

ከዚያ ዘመን ዞሮ አይሱዙ ነገሠ፤
መጋረጃው ባለ ዘርፍ፣ አበባ የለበሰ፣
ክላክሱ ሰባት ዜማ፣ ጎኑ የተነቀሰ።
የጥጋቡ አይሱዙማ በቢጫ ቀለም ግንባሩ ላይ፦
"ቀስ በል ያለኝ ሰውዬ የት ደረሰ?"
ሽንኩርት ጭኖ ከሮቢት ሽቅብ ሲመጣ
አንድ ጥምዝ ቀረችው።
ከገደሉ ያወጣነው የመኪናውን ግንባር ብቻ።
ጋሽ ወንድይራድ ጭቃውን ሳያጥብ ጋራዡ በር ላይ ሰቀለው።
የሚያነበው ሹፌር ሁሉ
ሳይጠየቅ ፍሬኑን ያስፈትሻል።

ቀጥሎ ሲሳይነህ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ፣
ከደብረ ብርሃን፤ በዕቁብ ብር ዲኤክስ ገዝቶ፣
ሞላዋን አስቆርጦ፣ መሬት ለመሬት እየጎተታት፣
ቸርኬዋ የሚያብረቀርቅ፣ ሥሯ ሰማያዊ መብራት።
ማርሚታዋን ሲፈታው ጠባሴ ሌሊቱን አልተኛም።
አመጣት ለጋሼ። ሽማግሌው ተቆጣ፦
"መኪናዋ ስላጎነበሰች አንተ የረዘምክ መሰለህ?"
ግን ማታ፣ ሒሳብ ስንዘጋ፣ ቀስ ብሎ፦
"ጆሮ አለው ልጁ። ካርቡሬተሯን ማን አስተካከለለት?"
"ራሱ" አልኩት።
ዝም አለ። ካቻቢቴውን ጠረገ።

ባለፈው ሰኔ ደግሞ ሲሳይነህ መጣ፤ ጸጉሩ ሸሽቷል።
አዲሷ መኪናው መብራት ነው የምትጠጣው፤
ጭስ የላት፣ ድምፅ የላት፤ ጋሼ መድረሷን አላወቀው፤
ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ብቻ፦ "ማነው በእግሩ የመጣው?"

ክንዱን ይዘን ወሰድነው። ኮፋኖዋን ዳበሰ፤ ቀዝቃዛ።
"ታማለች?"
"አይ ጋሼ፣ እየሠራች ነው።"
እጀታውን ከጆሮው፤ ጫፉን ግን የት ያሳርፈው?
ዞራት። ሁለቴ ዞራት።
ከኋላ፣ ታርጋዋ ላይ፣ ጣቱ ቆመ።
"ይቺ ብሎን ላልታለች" አለና
ሁለት ዙር ጠመዘዛት።

ሲሳይነህ ብር ሲያወጣ እጁን መለሰው፦
"ይልቅ ጣርማበር ስትደርስ ክላክስ አድርግልኝ፤
መውጣትህን በምን ልወቀው?"

ጉሙ ዋጣት።
ጋሽ ወንድይራድ ጆሮውን ወደ ዳገቱ አዘነበለ፤
እኛም ከኋላው ቆምን፣ ሽበት ያወጣን ረዳቶች።
ማንም አላስነጠሰም።