ቡልቻ እስኪያገባ

ሠላሳ አንድ ዓመት ብርድ ልብስ ሠራሁ፤
አገሩን አሙቄ እኔ ብቻ ቀረሁ።
ጡረታ ስወጣ የሰጡኝ ሽልማት
ሦስት ብርድ ልብስና የጉልበት ቁርጥማት።
የአስካለስ ብርድ በደረቷ ገባ፤
ሐምሌን ስታስል ከርማ፣ መስከረም ሲጠባ
የደብረ ብርሃን ሐኪም ብዕሩን ኪሱ መለሰና
«ቆላ ውረዱ» አለን፤ ይኸው ነው ሕክምና።

ወረድን።

አዳማ ስንደርስ ካፖርቴ ሥራ ፈታ፤
ክንዴ ላይ ተጣጥፎ ዞረ እስከ ማታ።
ደላላው ሸምሱ ባጃጅ ላይ አሳፍሮን፣
ከፍራንኮ ወደ ዳቤ፣ ከዳቤ ቦኩ አዙሮን፣
በየበሩ ቆሞ ያወራል ስለ እኛ፦
«ልጅ የላቸው፣ እንግዳ የላቸው፣
ሁለት ሽማግሌ፣ ሁለቱም ዝምተኛ!»

የመጀመሪያው ቤት ቆርቆሮው ይጮኻል፤
«ቀን አይቀመጡበትም እንጂ ማታስ ደስ ይላል»
አለን ሸምሱ።
የሁለተኛው ጌታ የስድስት ወር ቀብድ
ቆሞ ቆጠረልን በጣቱ አንድ በአንድ።
«በሳምንት ስንቴ ነው ገላ የምትታጠቡት?»
ሦስተኛዋ ጠየቀች፤
አስካለን ሳቅ መጣባት፣ ሳል ቀደመው፣
ሴትዮዋ በሩን ዘጋች።

ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣና
አቧራው ከጥርሳችን መሐል ገባ፣ ተፈጨና።
ከጋራው አናት ላይ ነጫጭ ባለ ክንፎች
ሲሽከረከሩ አይታ አስካለ እንዲህ አለች፦
«ሙቀት ቢበዛ ነው ይህን ማራገቢያ
የተከሉት እዚያ?»
ሸምሱ ባጃጁን አቁሞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤
ከወረድን ወዲህ የመጀመሪያዬ መሆኑን አወቅሁ።

በማግሥቱ ደረስን ከአዴ ሎሚ ደጃፍ፤
ክፍል ከነጓዳ፣ ፊት ለፊቱ ኒም ዛፍ።
አስካለ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች፣
ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር፤
«ይሞቃል» አለች፤
እጇን ሳታነሣ ቆየች።

ኪራዩን ተስማማን፣ ውሃና መብራቱን።
የቀረን ዘመኑ። አዴ ሎሚ ብዕር ይዘው ጠበቁ፣
ለስንት ጊዜ እንደሆን ቁርጡን።
ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። ለስንት ይባላል?
ዕቃ ጭኖ መውረድ ሁለቴ መች ይቻላል?
«ለዘለቄታው» አልኩ፤ ያ ቃል አፌ ውስጥ
እንደ ካፖርቴ ሆነ፤ የማይለበስ፣ የማይሸጥ።

አሰቡ። «መሐላ» አሉ፣ «እኔ አልምልም፤
የነገ አይታወቅም።
ቤቱ የቡልቻ ነው፤ ልጄ ሚስት ቢያመጣ
ሙሽራዋ እዚህ ናት፤ ተከራይ ይወጣ።
እስከዚያ ኑሩበት፤ አንድ ብር አልጨምር።»
ሸምሱ ጉሮሮውን ጠርጎ ጻፈው በቁም ነገር፦
«የኪራዩ ዘመን፣ ቡልቻ እስኪያገባ።»

ፈርመን ቀና ስንል ሙሽራው ራሱ ገባ፤
አርባን የተሻገረ፣ ፀጉሩ ከመሐል የሸሸ፣
የብስክሌት ሰንሰለት በእጁ፣ እስከ ክርኑ በግሪስ የቆሸሸ።
«እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ ወደ ጓሮው ዞረ።
አስካለ በጆሮዬ፦ «ይሄ ቢሆንለት እስካሁን ባገባ ነበረ፤
ዕድሜያችንን ያደርሰናል።»
እግዜር ይቅር ይበለን፤
የሰው ላጤነት ዋስ ሆነን።

ይኸው ዓመት ከመንፈቅ።
ሳሏ የት እንደገባ አላውቅ፤
ጉልበቴም ያጉረመርማል እንጂ አይጮኽም።
ካመጣናቸው ብርድ ልብሶች አንዱ መስኮቱ ላይ ነው፣ ለአቧራ፤
አንዱን አዴ ሎሚ ለወገባቸው ወሰዱት፣ በአደራ።
ሦስተኛው፣ ቀዩ፣ የመጨረሻ ሳምንቴ ሥራ፣
ቁም ሣጥኑ ላይ አለ፣ ከነላስቲኩ፣ ሳይፈታ፤
የቡልቻ የሠርግ ስጦታ።

ችግሩ፣ ወደድነው። ማታ ማታ አብሮን ይበላል፤
አስካለ ሸሚዙን ትተኩሳለች፤
«በገዛ እጅሽ ልታስወጪን ነው?» ስላት፣
«ታዲያ ያምርበታል!»

ባለፈው ሐሙስ ግን፣ ከመሸ፣ ከኒሙ ሥር
ስልክ ሲያወራ ሰማን፣ ድምፁን እንደ ባዘቶ አለስልሶ።
ሳቀ። ዝም አለ። ሳቀ ደግሞ መልሶ።
አስካለና እኔ፣ መብራት እንዳጠፋን፣
አንድም ቃል ሳንተነፍስ
ቀና ብለን ወደ ቁም ሣጥኑ አየን።