አምስት ጣት

የቴኮማን ፀሐይ ሎሚ አብስላ አትጠግብም፣
ከለቃሚው ፊት ላይ እጇን አታነሣም።
በክሊኒኬ በር ላይ ከጧት እስከ ማታ
ቆዳ ነው የማነብ፣ ገጽ በገጽ፣ በተርታ።

ዶና ብራውሊያን ማድያት ጉንጯን አልብሷት፣
«ጉበቴ ነው» ትላለች፣ ጎረቤት ነግሯት።
«ጉበትሽስ ደኅና ነው፤ ስድስት ወልደሻል፣
ከስድስቱ አንዱ ጥላውን ትቶልሻል።»

ሾፌሩ ኤውስታኪዮ ግራ ጉንጩ ጠቁሮ፣
ቀኙ እንደ ሕፃን ነው፣ በጥላ ተቀብሮ፤
«መስኮትህ ነው እንጂ ሕመም የለህም» አልኩት፣
«መጋረጃ» ብዬ ማዘዣ ጻፍኩለት።

ብጉሯን ጨምቃ ነጥብ ያተረፈች፣
ሊያቀላኝ ነው ብላ በቅባት የነደደች፣
መልሳ የጠቆረች፣ መልሳ የገዛች፣
የሁሉን አውቃለሁ።
አውቃለሁ ብዬ ነበር።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ መምህርት ግሪሴልዳ
እጇን ይዛ መጣች የትንሿን ኔሬይዳ።
«ልብስሽን ከፍ አድርጊ»፤ ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤
ከብብቷ በታች፣ ከጎድኗ ላይ የተገለጠ
እጅ ነው። ሙሉ እጅ። አራት ጣት፣ አውራ ጣት፣
መዳፉ ሳይቀር፣ በጥቁር ቀለም ያተሙት።

እናቷ ኦብዱሊያ በሩ ሥር ቆማለች፤
«አልመታኋትም» ስትል አንዴ ተናገረች፤
ሁለተኛ ግን አልደገመችም።
ደሀ ሲጠረጠር ብዙ ድምፅ የለውም።

ለፖሊስ የሚላከውን ቅጽ ከመሳቢያ አወጣሁ።
የልጅቷን ስም ጻፍኩ። ቀኑን ጻፍኩ። የእናትየውን ጻፍኩ።
«ምክንያት» ከሚለው ባዶ መስመር ስደርስ
ብዕሬን አቁሜ ልጅቷን በጣቴ ስዳስስ
አልሸሸችም። አላመማትም። ሳቀች እንዲያውም፣ ኮርኩሬያት።
ብልዝ ቢሆን በወየበ። እብጠትም አላየሁበት።
ከዚያ አንድ ነገር ሸተተኝ፣ ከእናትየው ጣት።

— ሥራሽ ምንድን ነው?
— ሎሚ እለያለሁ፣ ከመጋዘን።
— የዚያኛው እሑድ የት ነበራችሁ?
— ከባሕሩ። ዓሣ ከትፌ፣ ሎሚ እየጨመቅኩ፣
ማዕበሉ ሲነሣ ልጄን ቀና ብዬ አየሁ።
— ከዚያስ?
— ከዚያማ ሮጥኩ።
ሳይደርስባት ደረስኩ። እንዲህ አድርጌ ያዝኳት።
ድንጋጤው እስኪለቀን ፀሐይ ላይ አቅፌያት።

የሎሚ ውሃ ቆዳ ላይ ፀሐይ ከመታው
ቀስ ብሎ ይጠቁራል፣ ልክ ባረፈበት ቦታው።
ተምሬዋለሁ። በሎሚ አገር እየኖርኩ
መጽሐፉን ረሳሁ፣ ቅጹን ግን አስታወስኩ።

ወረቀቱን ቀደድኩት። መምህርቷ አለቀሰች።
ኦብዱሊያ አላለቀሰችም፤ እጇን ከኋላዋ ደበቀች።
እስከ ዛሬም መንገድ ላይ ስታየኝ
በግራ እጇ ነው ሰላም የምትለኝ።

በዝናቡ ወር ኔሬይዳ ብቻዋን መጣች፤
ሸሚዟን ገለጠች፤ ለንቦጯን ጥላለች።
«ዶክተር፣ የእማዬ እጅ የት ሄደ?»
ለዚህ ማዘዣ አላውቅም።
መስታወት አመጣሁ፤ አብረን ፈለግነው፤
አውራ ጣቱ ብቻ ቀርቷል፣ እሱም ፈዞ ነው።