የመዝገቡ ኅዳግ

ቴሌግራሙ አጭር ነው፤ ዘጠኝ ቃል ሲቆጠር፦
«ኑረል ባሕር ሰጠመች፤ ከዘይላ ማዶ፣ በማዕበል፣ ሰኞ ለማክሰኞ አዳር።»
ከዚራ፣ ከቢሮው፣ መስኮቱ ሥር ሆኜ
ሦስቴ አነበብኩት መነጽሬን ጭኜ።
ድሬ ላይ ዛሬ ቅጠል አይንቀሳቀስም፤
ሙቀቱ ቆርቆሮው ላይ ተጋድሟል፤ ነፋስ የሚባል የለም።

እኔ ባሕር አላውቅም።
የማውቀው መዝገብ ነው፤ ቀይና ሰማያዊ መስመር፣
የቆዳው ጥቅል፣ የሰሙ ክብደት፣ የጆንያው ቍጥር።
ሦስት መቶ አርባ ጆንያ ቡና፣ ከሐረር የወረደ፣
በአህያ፣ በባቡር፣ በሰው ጫንቃ የሄደ፣
ባሕር ጠጣው በጥሬው፣ ሳይቆላ፣ ሳይፈላ፤
«ኪሳራ» ብዬ ጻፍኩ፤ ገለጥኩ ገጽ ሌላ።

ሐጂ ዙበይር ገቡ፣ ከዘራቸውን ይዘው፦
«ስንት ነው የጠፋው?»
ነገርኳቸው በብር፣ እስከ ሳንቲሙ ድረስ።
«እሱን አላልኩህም» አሉ፤ «ስንት ነፍስ?»
መዝገቡን አገላበጥኩ ከፊት እስከ ጀርባ፤
ለሰው የተሰመረ አምድ የለው፤ ሰው በዚህ አልገባ።

ጉሌድን ግን አውቃለሁ፤ ምግብ አብሳያቸውን፣
ጢሙ ገና ያላቀመቀመውን፣
ባለፈው ወር በባቡር የመጣውን
ለሸራው መጥቀሚያ ሲባጎ ሊሸምት።
ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆመን፣
አሸዋውን አየ፣ ፍየሎቹን፣ የተሰጣውን ልብስ፤ ሳቀብኝ በድንገት፦
«ወንዝ ያላችሁት ይሄ ነው? ውሃው የት ሄደ ታዲያ?»
«በሌሊት ነው የሚመጣው» አልኩት፤ «ሳይጠራ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ።»
ዝም አለ ጥቂት።
«የእኛም እንደዚያው ነው» አለኝ፤ «ቀድሞ የሚሰማው የእንጨቱ ጩኸት።»

ሐጂ ሲወጡ ብዕሬን ነከርኩ በጥቁሩ።
ከቡናው አጠገብ፣ ከመስመሩ ውጭ፣ በኅዳጉ ዳሩ፦
ናኹዳ ሳሊሚን። ጉሌድ። መሪ ያዡ ሮብሌ።
ከዚያ ወዲያ ስም አላውቅም፤
ስንት እንደነበሩም።
ብዕሩ ቆመና አንድ ጠብታ ጣለ፤
አላደረቅኩትም፤ እንዲያው እንዳለ።

ማታ መጋላ ወረድኩ፣ ጫማ ሰፊው ቤት።
ጉሌድ ሰንደሉን ትቶ ነበር፣ ሶሉ ተቀዶበት፣
«በሚመጣው ወር» ብሎ፣ ግማሹን ከፍሎበት።
የቀረውን ሃምሳ ሳንቲም እኔ ሞላሁለት።

አሁን መስኮቴ ላይ ነው፤ ሶሉ አዲስ፣ አሸዋ ያልነካው።
የወሩን ሒሳብ ዘጋሁ፤
ቀረጡ ልክ መጣ፣ ኪራዩ ልክ መጣ።
ሃምሳዋን ሳንቲም ብቻ
እስካሁን አልመዘገብኳትም።