ድንጋዩ ደህና ነበር

በርገን ዝናብ አታጣም፤
ግን ከላይ የሚወርድ ውሃ፣ ለውስጥ እሳት አይመጣም።
የእንጨት ቤት ከእንጨት ቤት፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ፣
የአንዱ ሳል ለሌላው ይሰማል፣ ቀጭን ግድግዳ አልፎ።

እኔ ከእሳቱ በኋላ የምመጣ ሰው ነኝ፤
አጥፊዎቹ ሲሄዱ፣ ቅጽና እርሳስ ይዤ የምገኝ።
ሥራዬ አንድ ጥያቄ ነው፦ ማንቂያው ለምን ዝም አለ?
ቅጹ ላይ አውራ ጣት የሚያህል፣ ለመልሱ ባዶ ሳጥን አለ።

ብዙ አይቻለሁ። ሸረሪት ሆዱ ውስጥ ቤት ሠርታበት፣
ቀለም ቀቢ ከጣሪያው ጋር፣ አፉን ነጭ ቀብቶበት፤
ሽቦውን አይጥ በልቶት፣ ወይ ጭራሽ ሳይገጠም፣
ከነካርቶኑ አምስት ዓመት፣ ቁም ሳጥን ላይ ሲያልም።
የሌባ ማንቂያውም ያው ነው፤ ቁጥሩ እንዳይረሳ ብለው፣
በወረቀት ጽፈው ያኖሩታል፣ እዚያው ከሥሩ ለጥፈው።
(የራሴ ቤት? እሱን ተዉት፤
ቀለም ሲቀባ ያለበስኩትን ላስቲክ፣ እስከ ዛሬ አላነሳሁት።)

የቦርግሂል ግን ሌላ ነበር።

ቦርግሂል ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ፣ የዓሣ አጥማጅ ሚስት ነች፤
አስብዮርን ከሞተ ስድስት ዓመቱ፣ «ነበርኩ» ማለት ያልለመደች።
የጭስ ማንቂያዋ ከምድጃው በላይ፣ ተረት አዋቂ ቢጤ ነበር፤
«ጭስ ካለ እሳት አለ» ብሎ፣ ዓሣ በጠበሰች ቁጥር የሚያማርር።
ማክሰኞ ጮኸ፣ ሐሙስ ጮኸ፣ እሑድ እንግዶች ፊት አዋረዳት፤
ወንበር ላይ ቆማ ፎጣ ስታራግብ፣ ጉልበቷ ከዳት።
ለዓሣ ሲጮህ የከረመ አፍ፣ ለቤት ሲጮህ ማን ያምነዋል?

አይናር፣ የልጅ ልጇ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ የድንጋዩን ጫፍ በምላሱ ቀምሶ፣
«ይቆነጥጣል፣ ደህና ነው» ብሎ፣ ሄደ ማሽኑን አጉርሶ።

ጥር ላይ ሬዲዮው ዝም አለ።
የአስብዮርን ሬዲዮ ነው፣ ከጀልባው የተረፈ፣
ጎኑ በባሕር ጨው የተላጠ፣ አንቴናው የታጠፈ።
ጎህ ሳይቀድ ነፋሱን ይናገራል፤ ምዕራቡን፣ ሰሜኑን፣
የማዕበሉን ቁመት በሜትር፣ የጉሙን መክበድ መመንመኑን።
እሷም አልጋዋ ላይ ሆና፣ «ዛሬስ አይወጣም» ትላለች፤
መቃብር ላለ ሰው፣ ማዕበል ትፈራለች።

ሱቁ ሩቅ ነው፤ ደረጃው በረዶ ጋግሯል፤
ቀና ብትል፣ ጣሪያው ላይ አንድ ድንጋይ ተቀምጧል።
ወንበሩን ሳበች፤
ከሚጮህባት አፍ ነቅላ፣ ለሚያወራት አፍ ሰጠች።

ሁለተኛ ማንቂያ ነበራት፣ ልጇ ከኦስሎ መጥቶ ያስገጠመላት፣
ጭስ ሲሸተው ለኩባንያ በስልክ የሚናገርላት።
እሱ አልተኛም። የካቲት ውስጥ፣ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ገመድ ተቃጥሎ፣
ሥራውን ሠራ፤ «ጭስ አለ» ብሎ።
ተረኛዋ መዝገብ ገለጠች፤ አንደኛው ስም አስብዮርን ነው።
ደወለችለት።
መሳቢያ ውስጥ፣ ከመነጽሩ ጎን፣
ቦርግሂል በየእሑዱ ቻርጅ የምታደርገው ስልክ
እየበራ ተንቀጠቀጠ።
ደንቡ ሦስቴ ደውይ ይላል፤ ሦስቴ ደወለች።
«አያነሳም» ብላ ጻፈች።
ስድስት ደቂቃ እንዲህ ሄደ።

ስደርስ ኩሽናው የለም፤ የእሳት ልጅ አመድ ብቻ፤
ጣሪያው ላይ የማንቂያው ቅል፣ የቀለጠ፣ ክፍት፣ ባዶ ጉንጫ።
ቦርግሂል ጎረቤቷ ደረጃ ላይ፣ በሰው ካፖርት ተጠቅልላ፣
ሬዲዮዋን ታቅፋለች፣ እንደ ሕፃን አባብላ።
«ማን ቀሰቀሰሽ?» አልኳት።
«ማንም። ነፋሱን ልሰማ ነቅቼ ነበር» አለች።
እቅፏ ውስጥ አንድ ሰው በእርጋታ ያወራል፦
ደቡብ ምዕራብ፣ ብርቱ፣ ከሰዓት በኋላ ይበርዳል።

ፈቀደችልኝ። ክዳኑን ከፈትኩ፤
ድንጋዩን አውጥቼ፣ እንደ ልጅ፣ ከምላሴ አስጠጋሁት።
ቆነጠጠኝ።

አውራ ጣት በምታህለው ሳጥን ምን ይጻፋል?
ሰርቃ ተቃጠለች? ሰርቃ ተረፈች?
«ድንጋዩ ደህና ነበር» አልኩና ፈረምኩ።
አለቃዬ ትናንት መልሶ ላከው፤ ከሥሩ በቀይ፦
«ምክንያት አልተሞላም»።